ገል ያልገባበት ጭቃ

ያለምወርቅ ሰው አታምንም ነበር። ይህን ስል እየሰደብኳት አይደለም፤ ራሷ ብትሰማኝ እንኳ «ታዲያ ምን አጠፋሁ?» ነበር የምትለኝ። ገበያ ላይ ሳይከራከር ከእሷ ማሰሮ የገዛን ሰው ጀርባው ከዓይኗ እስኪሰወር ትከታተለው ነበር፤ «ይኼ ሰውዬ ምን አይቶ ነው እንዲህ የተጣደፈው?» እያለች። ወንጌል ይዞ የመጣውን ሰባኪ ሳይቀር ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፏ ላይ አቁማ «እሺ፣ መጨረሻው ምንድን ነው?» ስትለው ኖራ፣ በሦስተኛው ዓመት ነው የተጠመቀችው።

አይፈረድባትም። መንደሯ ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወስደው ዳገት ላይ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ወገኖቿ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ፣ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ገበሬው ወጡን በእሷ ድስት ይሠራል፣ ጎደሬውን በእሷ ማሰሮ ይቀቅላል፣ እሷን ግን ከበሩ አያሳልፋትም። ውሃ ጠምቷት ከጠየቀች ቅሉን አይሰጧትም፤ እጇን ግጥም አድርጋ ትዘረጋለች፣ ከላይ ያፈስሱላታል። አብዮቱ የፈነዳ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝቡን ዛፍ ሥር ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ሸክላ ሠሪና ገበሬ እኩል ነው፣ የሚሰድብ ይቀጣል» አለ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች። ከስብሰባው ስትመለስ ጠማትና፣ አጠገቧ ቆማ እጇ እስኪቀላ ስታጨበጭብ ከነበረችው ሴትዮ ውሃ ጠየቀች። ሴትዮዋ ቅሉን ሳትሰጣት ከላይ እጇ ላይ አፈሰሰችላት። ከዚያ ወዲህ ያለምወርቅ አዋጅ ሲነበብ አንድ ጆሮዋን ብቻ ነው የምትሰጠው።

ባሏ ጥላሁን ቢላዋና ማጭድ ሊሸጥ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ በሳምንቱ ሞተ። ከሦስት ልጆች የተረፈቻት ኤልሳቤጥ ብቻ ናት። ታዲያ ያለምወርቅ በዚህ ምድር ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የልጇ እጅ ከጭቃ እንዲወጣ። ሌላ ምንም አልለመነችም። ኤልሳቤጥ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ሚኒስትሪ ትለፍ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ አስተማሪም ትሁን ነርስ፣ ማን ግድ አለው። ልጅቷ ግን እጅ ነበራት። በስድስት ዓመቷ ጭቃ ታቦካ ነበር፤ በዐሥር ዓመቷ ያቆመችውን ማሰሮ ሰው ከእናቷ ማሰሮ መለየት አቅቶት ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስትገባ እናቷ «በቃሽ!» ብላ ከለከለቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጭቃ ስትነካ ካየች፣ እጇን በእንጨት መታ ታደርጋት ነበር።

ኤልሳቤጥ ስምንተኛ ክፍል በገባችበት በ1978 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት ጂንካ ያለው ትምህርት ቤት አዲስ ነገር ይዞ መጣ። የሥራ ትምህርት። ብዕር ብቻ የያዘ ተማሪ ለአብዮቱ አይጠቅምም፣ ስለዚህ ሁሉም በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙያ ይማራል፣ የሠራው ተሸጦ ትምህርት ቤቱን ይደጉማል ተባለ። ሐሳቡን እኔ ክፉ አልለውም። መዶሻ መያዝ የማያውቅ አስተማሪ ሞልቶ የለም እንዴ! ነገሩ የተበላሸው ድልደላው ላይ ነው። አትክልት አለ፣ እንጨት ሥራ አለ፣ ስፌት አለ፣ ሸክላ አለ፤ ደግሞ ታይፕ አለ። ትምህርት ቤቱ አንዲት የጽሕፈት መኪና ነበረችው፤ በእሷ ላይ ስምንት ልጆች ተመደቡ። ስምንቱ የእነማን ልጆች እንደነበሩ ልንገራችሁ? የሹሙ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የፖሊስ አዛዡ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። «ልምድ ያለው በልምዱ ይመደብ» ነበር መመሪያው። የፖሊስ አዛዡ ልጅ በታይፕ ምን ልምድ እንደነበረው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኤልሳቤጥ ሸክላ ደረሳት።

«ሸክላ?» አለች ያለምወርቅ። «ሸክላ ለመማር ጂንካ ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚህ ጭቃ አልቆብኛል እንዴ?»

«ሁሉም ሰው ተመድቧል እኮ፣ እማዬ።»

«ማን ነው የመደበሽ?»

«አቶ ሸዋንግዛው።»

ያለምወርቅ ስሙን ያዘችው። አቶ ሸዋንግዛው የእጅ ሥራ አስተማሪ ነው። አያቱ ከሰሜን ከጦር ጋር የመጡ፣ እሱ ግን ጂንካ ተወልዶ ጂንካ ያደገ፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማትለየው ቀጭን ሰው ነው። በመጣ እሑድ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስትወቅጥ ሽቅብ ሲመጣ አየችው። ብቻውን ነው። ሰው በመንገዷ ያልፋል እንጂ ወደ ቤቷ አይመጣም፤ ስለዚህ ሙቀጫውን አቁማ ጠበቀችው።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ?»

ዋሉ! ወይዘሮ! ጂንካ ገበያ ሃያ ዓመት ስትመላለስ «አንቺ ሴትዮ» ነው የምትባለው፤ ጨዋ ከሆነ «አንቺ ሸክላ ሠሪ» ይላታል። ይኼ ሰው ምን ፈልጎ ነው አንቱ የሚላት? እሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ፣ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ «ውሃ ቢሰጡኝ» አለ። ቅሉን ሰጠችው፤ ከአፉ ደቅኖ ጠጣ። የተቀቀለ ጎደሬ ከፊቱ ነበር፤ «እንካ» ሳትለው አንዱን አንስቶ ልጦ በላ። ያለምወርቅ ከተወለደች ከዚህ ቤት የበላ የሌላ ወገን ሰው አይታ አታውቅም። ሰባኪው እንኳ «ጾም ላይ ነኝ» ይል ነበር። ይኼኛው በነጻ አልበላም፣ አለች በሆዷ፤ የሚያስከፍለኝ ነገር አለ።

እውነትም ጉዳይ ነበረው። የትምህርት ቤቱ ግቢ አፈር ሸክላ አይሆንም፣ ይፈረካከሳል። ጥሩውን ጭቃ የሚያወጡበትን ጉድጓድ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ ለሌላ አያሳዩም። እሱም ያሳዩኝ አላላትም። በየሳምንቱ የተዘጋጀ ጭቃ ለልጆቹ ቢያመጡልን ነው ያለው።

«እኔስ ምን አገኛለሁ?» አለች።

አቶ ሸዋንግዛው እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ አየት አደረጋትና «ኤልሳቤጥ ጎበዝ ልጅ ናት» አለ። «ሚኒስትሪዋን ታልፋለች።»

እኔና እናንተ ብንሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ዝም ነበር። ያለምወርቅ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ጭቃውን ካመጣሽ ታልፋለች፤ ካላመጣሽ አታልፍም። እንዲህ ነው የገባት። ሰውየው ከሄደ በኋላ የጠጣበትን ቅል ገልብጣ እያየች «አወቅኩህ» አለች። በማግሥቱ ጭቃውን ተሸክማ ወረደች።

ጭቃ ስል ከጉድጓድ የወጣ አፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተሰበረ አሮጌ ሸክላ፣ ገል የሚሉት፣ ተወቅጦ እንደ ዱቄት ይደቅና ከጭቃው ጋር ይታሻል። ያ ገል ነው እሳት ላይ ሸክላውን የሚያድነው። ገል ያልገባበት ማሰሮ ሲሠራ ያምራል፣ ሲደርቅ ያምራል፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ይህን የማያውቅ ሸክላ ሠሪ የለም፤ ሸክላ ሠሪ ያልሆነ ደግሞ ማን ነግሮት ያውቃል? ያለምወርቅ በየሳምንቱ ገሉን አድቅቃ፣ አሽታ፣ በኮባ ጠቅልላ ታወርድ ነበር። ለክፋት ገና አልደረሰችም ነበር።

ጥርጣሬዋ ሥር የሰደደው የካቲት ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሸክላዋን ደርድራ ስትቀመጥ፣ ከፊት ለፊቷ ተማሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው የትምህርት ቤቱን ሸክላ ይሸጣሉ። ሰዉ ወደዚያ ይጎርፋል። የተማሪ እጅ የነካው ሸክላ ነዋ! ከእሷ ሲገዙ ብሩን መሬት ላይ የሚጥሉላት ሴቶች እዚያ ከልጆቹ ጋር እየሳቁ ይከራከራሉ። ደሟ ፈላ። ተነሥታ ሄደችና አንዱን ማሰሮ አንስታ ጣቷን በከንፈሩ ዙሪያ አዞረች። ሦስት የጥፍር ጭረት። እሷ ከእናቷ የወረሰችው፣ ለልጇ ያስተማረችው ምልክት። ሌላውን አነሣች፤ ሦስት ጭረት። ሌላውንም። ሁሉም የኤልሳቤጥ እጅ ነው።

ቆጠረች። ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ዐሥራ ዘጠኝ ማሰሮ ሲያይ ዐሥራ ዘጠኝ ማሰሮ ነው የሚያየው። ያለምወርቅ ያየችው ቀን ነው። ሥሩ ተሠርቶ እስኪጠና መጠበቅ አለ፤ ሆዱ ተነሥቶ ዳግም መጠበቅ፤ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ መላጉ፣ ማለስለሱ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ይህን ያህል የሠራች ልጅ ጠዋትም ሸክላ ላይ ነበረች ማለት ነው። ሒሳቡ ሲሰጥ፣ ሳይንሱ ሲሰጥ፣ የእሷ ልጅ ጭቃ ላይ! ማሰሮውን አስቀምጣ የገዛ ሸክላዋን ሳትሸጥ ተሸክማ ተመለሰች።

ኤልሳቤጥ ስትመጣ ቁጭ አደረገቻት።

«ከክፍል ትቀሪያለሽ።»

ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ትቀሪያለሽ ወይ ነው የምልሽ!»

«አዎ።»

«ማን ነው የሚያስቀርሽ?»

ኤልሳቤጥ ጥፍሯን ታይ ነበር። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበር። «አቶ ሸዋንግዛው» አለች።

በቃ። ያለምወርቅ ከዚህ በላይ የምትፈልገው ማስረጃ አልነበረም። አንቱ ማለቱ፣ በቅል መጠጣቱ፣ ጎደሬ መብላቱ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ልጄን አገልጋይ አድርጓት ነው፤ እኔን ደግሞ በወይዘሮ አታሎ ጭቃ አሸከመኝ። ሄዳ ለዳይሬክተሩ ብትናገር ማን ይሰማታል? የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ብትሠራ ምኑ ነው የሚያስከስሰው ይሏታል። ስለዚህ አፏን ይዛ ጊዜ ጠበቀች። ሴትዮዋ ቂም መያዝ ስትችልበት አይጣል ነው!

ጊዜው ግንቦት ላይ መጣ። ከአርባ ምንጭ እንግዶች ይመጣሉ፣ የተማሪዎች ምርት ይታያል ተባለ። የሸክላ ክፍሉ ትልልቅ እንስራ ሠርቶ በእንግዶቹ ፊት ያቃጥላል። አቶ ሸዋንግዛው ሦስት እጥፍ ጭቃ አዘዛት።

ያለምወርቅ ሦስት እጥፍ ጭቃ አዘጋጀች። አፈሩን አወጣች፣ አራሰች፣ ረገጠች፣ አሸች። ገሉን አልጨመረችም።

ምን አስባ? አስባበታለች። እንስራው እሳት ላይ ይሰነጠቃል፣ ትምህርት ቤቱ በእንግዶቹ ፊት ያፍራል፣ «ይኼ የሸክላ ነገር አይሆንም» ተብሎ ክፍሉ ይዘጋል፣ ኤልሳቤጥ ወደ ሒሳቧ ትመለሳለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ለሚኒስትሪው ሦስት ሳምንት ይቀራል። ከሦስት ሳምንት ምን ያህሉን ብታድን ትርፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ አሳስቧት ነበር፤ ልጅቷ ጭቃውን በጣቷ ስታሸው ታውቀዋለች። ያለ ገል ጭቃ እንደ ቅቤ ነው የሚለሰልሰው፤ ዓይን ቢታለል ጣት አይታለልም። ኤልሳቤጥ ግን ሳምንቱን ሙሉ ገባች ወጣች፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አውቃለች? አላወቀችም? ያለምወርቅ ጎደሬ ስትልጥ በቆረጣ እያየቻት ሰነበተች። የገዛ ልጇንም ጠረጠረች።

እንግዶቹ መጡ። ግቢው በመፈክር ተሸፈነ። የትምህርት ቤቱን ፖለቲካ የሚመራው ጓድ ዓባይነህ፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ስለ ምርትና ስለ ትምህርት አንድ ሰዓት ተናገረ። እንስራዎቹ መሬት ላይ ተደርድረው ማገዶና ሣር ተከመረባቸው፤ እሳቱ ተለኮሰ። ያለምወርቅ ጭቃ አቅራቢ ናት ተብላ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ጢስ ብቻ ነበር። ከዚያ ጧ! አለ። ሰዉ ዞር አለ። ጧ! ጧ! ጧ!

የዛን ጊዜ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሸክላ ነው አይልም። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ሴቶች ጮኹ። ከእንግዶቹ አንዱ ከወንበሩ ሥር ገባ። ጓድ ዓባይነህ፣ ከደቂቃ በፊት ስለ ቆራጥነት ሲናገር የነበረው ሰውዬ፣ በደረቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። የሸክላ ስባሪ በአየር እየበረረ አንዲት የስፌት ተማሪ ክንዷን ጭሮ አደማት። ሲያልፍ፣ ሰዉ ሸክላ መሆኑን ሲረዳ፣ አንድ ተማሪ ሳቀ። አንዱ ሲስቅ ሌላውም ሳቀ። ጓድ ዓባይነህ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ይኼ አሻጥር ነው» አለ።

ያን ቃል የማያውቅ ሰው ደስ ይበለው። በዚያ ዘመን አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ያለምወርቅ ይሰነጠቃል ነበር ያለችው እንጂ ጠመንጃ ያስቀባብላል አላለችም። የልጅቷ የደማ ክንድ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ሰኞ ኮሚቴ ተቀመጠ። ኤልሳቤጥ ተጠራች፣ አቶ ሸዋንግዛው ተጠራ፣ ያለምወርቅም ተጠራች፤ እሷን ግን ከበሩ ውጭ አቆሟት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ትሰማለች። ጓድ ዓባይነህ ጠረጴዛውን እየመታ «ጥፋተኛው ተማሪ ከሆነ የፈተና ምዝገባው ይሰረዛል፤ ከውጭ ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል» አለ። ከዚያ ወደ ኤልሳቤጥ ዞሮ «እንስራዎቹን የሠራሽው አንቺ ነሽ። የጭቃውን ነገር ታውቂያለሽ። ተናገሪ» አላት።

ኤልሳቤጥ ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመችውን እናቷን አየቻት። ያለምወርቅ ያን ጊዜ አወቀች፤ ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃ ነበር። ጣቷ ነግሯት፣ እናቷን ላለማጋለጥ እንስራውን ዝም ብላ ሠርታዋለች። አሁን ደግሞ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አቶ ሸዋንግዛው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «ለበዓሉ እንዲደርስ ብዬ ሳይደርቁ እሳት ላይ አስደረግኳቸው። ልጅቷ ‹ገና ነው› ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። እርጥብ ሸክላ እሳት ላይ ይፈነዳል። ስህተት ነው፣ አሻጥር አይደለም። ጻፉት፣ እፈርማለሁ።»

ውሸት ነበር። እንስራዎቹ እንደ አጥንት ደርቀው እንደነበር ያለምወርቅ በዓይኗ አይታለች። ያን ጊዜ መግባት ነበረባት። «እኔ ነኝ፣ ገል ነፍጌ ነው» ማለት ነበረባት። እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ብትናገር እሷ ትታሰራለች፣ ልጅቷም አብራ ትሰረዛለች፤ ይኼ እውነት ነው። ግን እውነቱ ይኼ ብቻ አልነበረም። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ሰውዬው ራሱን እሳት ውስጥ ሲከት እያየች፣ በልቧ የዞረው ያው የድሮ ጥያቄ ነበር፤ ምን ፈልጎ ነው? ይህን ስተርክ አፍርላታለሁ። ልደብቀው ግን አልችልም።

አቶ ሸዋንግዛው ፈረመ። ደሞዙ ተቀነሰ፤ ትምህርት ሲዘጋ ወደ አርቦሬ ቆላ እንዲዛወር ተወሰነ። የሸክላ ክፍሉ ተዘጋ። ኤልሳቤጥ ሦስቱን ሳምንት ክፍል ገብታ ተቀመጠች፣ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪዋን ተፈተነች። ያለምወርቅ ያለመችው ሁሉ ሆነላት ማለት ነው። እሷ ግን በየቀኑ ዳገቱን ታያለች፤ ሰውዬው መጥቶ ዋጋውን የሚጠይቅበትን ቀን ትጠብቃለች። ገንዘብ ይላል? ጉድጓዱን ያሳዩኝ ይላል? ልጅቷን ይላል? ግንቦት አለቀ፣ ሰኔ አለቀ፣ አልመጣም። አለመምጣቱ ከመምጣቱ በላይ አስጨነቃት።

ሐምሌ መግቢያ ላይ እሷው ወረደች። አቶ ሸዋንግዛው ዕቃውን ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ጭኖ ሾፌሩን ይጠብቃል፤ አንዲት ፍራሽ፣ አንድ ሳጥን፣ መጋዝና መላጊያ። ሲያያት ቆቡን አንስቶ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ?» አላት። እንደገና አንቱ!

«እኔ ነኝ» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «ገል አልጨመርኩበትም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ስባሪውን አንስቼ አየሁት። ገል አልነበረበትም። ያን መለየት ልጅዎ ናት ያስተማረችኝ።»

«ታዲያ ለምን ሸፈኑልኝ? ምን ፈልገው ነው?»

አቶ ሸዋንግዛው ሳቅ አለ፤ ደስ ያለው ሰው ሳቅ ግን አልነበረም። «ምንም አልፈልግም። ያለብኝን ነው የከፈልኩት። መስከረም ላይ ልጆቹን ስደለድል የማንንም ፍላጎት አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ላይ የወላጅ ሥራ የሚል አለ፤ እሱን እያየሁ ጻፍኩ። የእርስዎ ሸክላ ይላል፤ ሸክላ አልኩ። በማግሥቱ ኤልሳቤጥ ቢሮ መጥታ ‹ታይፕ ብሆንስ?› አለችኝ። ‹ቦታ የለም› አልኳት። አንድ ቦታ ነበረ።»

ያለምወርቅ ከተጠራጠረችው ውስጥ ይህ አልነበረም። «ከክፍልስ ለምን ያስቀሯት ነበር?»

«እኔ?» ሰውዬው ደነገጠ። «ስንቴ ከሸክላው አስነሥቼ ወደ ክፍል መለስኳት! ጀርባዬን ሳዞር ተመልሳ ትመጣለች። ‹እዚህ ይሻለኛል› ትለኛለች።»

ሾፌሩ መጣ። አቶ ሸዋንግዛው «ውጤት እስኪወጣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ይበላሽባታል» አላትና ወጣ። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወደ ቆላው መንገድ ታጠፈ። «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት ርቆ ነበር።

ቤት ስትደርስ ኤልሳቤጥ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዋሽተሽኛል። አቶ ሸዋንግዛው አላስቀረሽም።»

የልጅቷ እጅ ቆመ። «አዎ።»

«ለምን?»

«ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ለሦስት ነው፣ እማዬ። እኔ ብቻዬን ነኝ የምቀመጠው። አጠገቤ የሚመደብ ልጅ በማግሥቱ እናቱን ይዞ ይመጣል። ሸክላው ጋ ግን የገበሬውም የነጋዴውም ልጅ ‹ኤልሳቤጥ፣ ይኼ እንዴት ነው?› እያለ ይጠይቀኛል። እጄን ይዘው ያያሉ።» የወደቀ የበቆሎ ፍሬ ከመሬት ለቀመች። «ይህን ብነግርሽ ትምህርቱን ታስተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ‹ማን ነው የሚያስቀርሽ?› ስትዪኝ የመምህሩ ስም እንደዋዛ ከአፌ ወጣ።»

«ታይፕ ፈልገሽ ነበርስ?»

«ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል። ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? ከጭቃ ውጪ እያልኩ የምጮኸው እኔ አይደለሁም?»

ኤልሳቤጥ የበቆሎውን ቆረቆንዳ በእጇ ታገላብጥ ጀመር። «አንቺ ስትይው ሌላ ነው፤ እኔ ስለው ሌላ ነው። ‹በእጄ አፍራ ነው› ብለሽ ትጠረጥሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ያለምወርቅ እጇን አየች። ጥፍሯ የተበላ፣ መዳፏ የተሰነጣጠቀ፣ ልጅ ያሳደገ እጅ ነው። ከዚያ ልትጠይቀው የማትፈልገውን ጠየቀች።

«ታፍሪብኝ ነበር?»

ልጅቷ ብታለቅስ፣ «ኧረ በስመአብ!» ብትል፣ እናቷ እንደ ልማዷ አንድ ሳምንት ታገላብጠው ነበር። ኤልሳቤጥ ግን አላለቀሰችም።

«አንዳንዴ» አለች።

በዕድሜዋ ሙሉ የሰው ቃል እንዳለ ተቀብላ የማታውቀው ያለምወርቅ፣ ይህችን ቃል ምንም ሳትጠራጠር አመነቻት።